ጣፊያዬን ይዤ ሁለት ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በቅጣት ነው። የቀጡኝ የማርያም ማኅበርተኞቼ ናቸው፤ ጥፋቴን ስደርስበት እናገራለሁ። ከማኅበራችን ደብረ ብርሃንን ያላየ ሰው ጥቂት ስለሆነ ስለ ከተማው ብዙ አልልም። ወደ ጣፊያ ግን ከመካከላችን ሄዶ የተመለሰ የለም። እኔም ብሆን የደረስኩት እስከ በሩ ነው፤ የውስጡን የሰማሁት ከሐኪም አፍ ነው።

ሕመሜ እንዲህ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ መቃን ቢነካኝ እበልዛለሁ፣ ቆሎ ስቆረጥም ድዴ ይደማል። አስካለ፣ ባለቤቴ ማለት ናት፣ ጎረቤቱ ትደበድበዋለች ብሎ እንዳያማት ፈርታ እጅጌዬን በገዛ እጇ ትቆልፍልኝ ጀመር። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ያለች ሐኪም ደሜን አይታ፣ ጣፊያዬ ደም የሚያረጉትን ሴሎች እየበላብኝ መሆኑን ነገረችኝ። ክኒን አዘዘች። ጣፊያዬ ክኒኑን እንደ ማባያ ቆጠረው መሰለኝ፣ መብላቱን ቀጠለ። ስለዚህ በቀዶ ጥገና ይውጣ ተባለ። ከመውጣቱ በፊት ግን መከተብ አለብህ ተባልኩ። የሄድኩት ለዚህ ነው።

በእኛ ቤት በግ ሲታረድ ጣፊያው የድመቷ ነው። ለድመት ድርሻ ተብሎ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ክብሬን ነክቶት ነበር።

ሐሙስ ከቤታችን ተነሥተን በእግር ዘመሮ ገባን፤ ከዘመሮ በሚኒባስ መሐል ሜዳ። አስካለ ከመውጣታችን በፊት ጠላ ጠንስሳ ጋኑን ለእህቷ አደራ ሰጥታለች። ሰኞ አስተርእዮ ማርያም ነበረች፤ የማኅበሩም ጽዋ የሚጠጣው በእኛ ቤት ነበር። እሑድ ማታ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ለማኅበርተኛው ሁሉ ነግሬአለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢሆንም ተናገርኩ።

መሐል ሜዳ ያደርነው ሲስተር ብርቱካን ቤት ነው። የአስካለ ወንድም ልጅ ናት፤ በከተማው ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል ትሠራለች። ቤቷ ቆርቆሮ ክዳን ነው። የእኛ ሣር ክዳን ነው፤ ብርዱ ከውጭ ሲመጣ ሣሩ ላይ ይቆማል። ቆርቆሮ ቤት ግን ብርዱ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጦ ነው እንግዳ የሚቀበለው። ያን ሁሉ የምታካክሰው እራቷ ናት፤ በቅቤ ያበደ ቋንጣ ፍርፍር አቀረበች።

"ጋሽ ወርቁ፣ ጣፊያው የወጣ ሰው ሲሮጥ ጎኑን አይወጋውም ይባላል" አለችኝ።

"በዚህ ዕድሜዬ ከምን እሮጣለሁ?"

"ከሥራ" አለች አስካለ፣ ከፍርፍሩ ቀና ሳትል።

ዓርብ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ላይ ወጣን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዶሮ ይዟል፤ ዶሮዋ እስከ ጣርማ በር በትዕግሥት ስታየኝ ቆይታ እዚያ ስንደርስ እጄን ነከሰችኝ። ወዲያው ደማ፣ በለዘም። ሰውዬው ደንግጦ ውሃ ገዝቶ አጠበኝ፣ ሻርፑን ቀዶ አሰረልኝ፣ ዶሮዋን ካላረድኩልህ ብሎ ያዘኝ። ቀኑ ዓርብ ባይሆን እምቢ ማለቴን እጠራጠራለሁ።

ደብረ ብርሃን ሽሮ በልተን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ትሆናለች። ሸሚዜን ገልጣ ሆዴ ላይ ያሉትን ሁለት ጠባሳዎች ነካች።

"ይሄ ምንድን ነው አባባ?"

"የመጀመሪያው ሐኪሜ ነው።" በልጅነቴ ሆዴ ሲነፋ ጣፊያ ነው ብለው በጋለ ብረት ተኩሰውኝ ነበር።

"ተሻለዎት?"

"ሁለተኛ አመመኝ አላልኩም።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ወረቀቷ ዞረች። እኔም ከቤቴ ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት። "ይቅርታ ዶክተር፣ ይህ ጣፊያ ሊጣል ነው። ሊጣል ያለን ነገር መከተብ ምን ይረባል?"

"አባባ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠባቂ አለ" አለች። "አንደኛው ሲወለዱ ጀምሮ አብሮዎት ያለ ነው። ማነህ ብሎ አይጠይቅም። ባዕድ ካየ ይሮጣል፣ ይውጣል፣ እዚያው ይሞታል። ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚማር ነው። ጠላቱን ለይቶ ያጠናና አንቲቦዲ ይሠራለታል። አንቲቦዲው ሄዶ በዚያ ጠላት ላይ ይለጠፋል፤ የተለጠፈበትን ደግሞ ሯጩ በቀላሉ ይውጠዋል።"

"ሯጩ ጅል፣ ተማሪው ብልህ" አልኩ።

"እኛም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የምናስበው። ጣፊያ ውስጥ ግን ሯጮቹም ይቀመጣሉ። ደሙ በሚገባበት ዳር፣ ከተማሪዎቹ አጠገብ ተቀምጠው መልእክት ይልኩላቸዋል። በርቱ፣ ቶሎ ሥሩ፣ እንዲህ ያለውን ሥሩ ይሏቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ከደም ውስጥ ጀርሙን ለቅመው አምጥተው ያሳዩአቸዋል። በተለይ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ጀርሞች ዋናው ቦታ ይሄ ነው። ያለ እነዚያ እርዳታ ተማሪው ይዘገያል፤ ጀርሙ ደግሞ አይጠብቅም።"

እዚህ ላይ ራሴን አስታወስኩ። በልጅነቴ የኔታ ዘንድ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ዳዊት ሳልደግም ወጣሁ። ነገር ግን ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፤ መንደር ወርጄ ቁራሽ የምለምነው፣ ውሻ የምመክተው፣ ያንቀላፋውን ጓደኛዬን በክርኔ የምጎስመው እኔ ነበርኩ። ዕድሜ ልኬን ሳፍርበት የኖርኩት ሥራ ለካ ጣፊያ ውስጥ ማዕረግ አለው።

"እሺ፣ ጣፊያው ሲወጣ ተማሪዎቹ የት ይገባሉ?"

"አስቀድመው ከተማሩ ይበተናሉ። የተወሰኑት አጥንትዎ ውስጥ፣ መቅኒው ውስጥ ገብተው ለዓመታት አንቲቦዲ ሲሠሩ ይኖራሉ። በአንገትዎና በብብትዎ ያሉት ንፍፊቶችም ያግዛሉ። ለዚህ ነው ክትባቱ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያለቀ እንዲሆን የምንፈልገው።"

"የኔታ ሳይሞቱ ተማሪ ማስመረቅ ነዋ።"

"ልክ ነው። ሳይመረቁ ጣፊያው ከወጣ ግን፣ ልንገርዎት አባባ፣ ጠዋት የጀመረ ትኩሳት ማታ ሊገድልዎት ይችላል።"

አስካለ ነጠላዋን አጠበቀች።

ሁለቱን ክትባት እዚያው ወጉኝ፤ ደም ስለማይረጋልኝ ነርሷ ክንዴን ለረዥም ጊዜ ጫን ብላ ያዘች። ሦስተኛው፣ የሳንባ ምቹ፣ አልቆ ነበር። ከውጭ ፋርማሲ አግኝተን ስንመለስ ክትባት ክፍሉ ተዘግቷል።

"ሰኞ ጠዋት ይምጡ" አለች ዶክተሯ።

"ሰኞ ማርያም ናት።"

"ማርያም በየወሩ ናት አባባ።"

"ጽዋው ግን በየወሩ የእኔ አይደለም።"

አስባ አስባ፣ ቅዝቃዜው ከተጠበቀ መሐል ሜዳም ሊሰጥ እንደሚችል ነገረችን። "ቅዝቃዜ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ መንዝ ነው የምንሄደው" ብዬ ተነሣሁ። የቀረውን የነገረችው ለአስካለ ነው፤ እኔ በሩ ጋ ደርሼ ነበር።

ቅዳሜ መድኃኒቱን በትንሽ አይስ ቦክስ፣ ከሁለት የበረዶ ከረጢት ጋር፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። ለአንዱ የጣፊያዬ ደብተራ ነው አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም። መዘዞ ላይ ምሳ በላን፤ ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ ግን በጉ የመንዝ በግ አይደለም፤ የመንዝ በግ ሲታኘክ ሣሩ ይታወቃል። ጓሳ ላይ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ሲወርድ እሱም ተኝቷል። ሾፌሩ ሁለቱን ጎማዎች ተራ በተራ እያየ "እንዲህስ አያደርጉኝም ነበር" አላቸው።

ፀሐይዋ እየጠለቀች፣ ነፋሱ ከገደሉ አፋፍ እየመጣ ጆሯችንን ሲቆርጠው፣ አንድ ሰው በፈረስ ደረሰልን። አቶ ማሙሸት ይባላል፤ የጓሳ ጠባቂ ነው። ሣሩ በተዘጋበት ጊዜ ማንም እንዳያጭድ፣ ከብትም እንዳያስገባ ሲዞር የሚውል ሰው ነው። መጀመሪያ ያየው አይስ ቦክሱን ነው።

"አባቴ፣ ማጭድ አይደለም አይደል?"

"መድኃኒት ነው።"

"እንግዲያስ ይውጡ" ብሎ ከፈረሱ ወርዶ እኔን አወጣኝ። አስካለ አልወጣም አለች። ፈረስ ላይ የተቀመጠን ሽማግሌ የጓሳው ጠባቂና የገዛ ሚስቱ በእግር ሲያጅቡት ያየ ሰው፣ የተሾምኩ ሊመስለው ይችላል።

ቤቱ ዝቅ ያለች የድንጋይ ቤት ናት። ባለቤቱ የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረበች፤ በእኛ አካባቢ ገንፎው መሐል ጉድጓድ አድርገን ቅቤ እንሞላለን፤ እነሱ ቅቤ አድርገው መሐሉ ላይ ገንፎ ያስቀምጣሉ ብል ብዙ አልዋሸሁም። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልን፤ አዲሱን የበግ ጠጉር ባና ከሣጥን አውጥተው አለበሱን። ጌታው ከልጆቹ ጋር መደብ ላይ ተኛ። እምቢ ብንል፣ "ጓሳ ላይ እንግዳ ይዞ መጥቶ መደብ ላይ አስተኛ ከሚሉኝ ሣሩን አጨደ ቢሉኝ ይሻለኛል" አለ።

ከመተኛታችን በፊት አይስ ቦክሱን ከፈትኩ። በረዶዎቹ ውሃ ሆነዋል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የመንዝ ሰውነቴ የተነሣው።

"ውጭ ይደር" አልኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሟ በረዶ እንዳይሆን ብላለች" አለች አስካለ። "እዚያው አይስ ቦክሱ ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይደር።"

"ከሰው ጋር በሞቀ ቤት አድሮ ሊበላሽ? በረዶ ያለችው የማሽኑን ነው። ማቀዝቀዣ ማለት እኮ የእኛን ብርድ አይቶ የተሠራ ነገር ነው።"

አቶ ማሙሸት በአገሩ ብርድ ሲመሰገን ደስ አለው። "እውነትዎን ነው አባቴ። እትዬ፣ የጓሳ ብርድ ንጹሕ ነው። ሥጋ እንኳ አይሸትበትም።"

ሁለት ወንዶች ተስማማን። ጠርሙሷን በጨርቅ ጠቅልለን የግቢው ድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጥናት፣ ቀበሮ እንዳይወስዳት ድንጋይ ደገፍንባት። አስካለ ባናውን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን ስታደርግ ትክክል መሆኗን ከአርባ ዓመት በላይ በሆነ ትዳር ተምሬአለሁ፤ የሚገርመው አንድም ቀን ያልጠቀመኝ ትምህርት መሆኑ ነው።

እሑድ ጠዋት ጓሳው በሙሉ ነጭ ነበር። ሣሩ ሲረገጥ ይሰበራል። አቶ ማሙሸት የፈረሱን ውሃ በዱላ ሰበረው። ጠርሙሷን አንሥቼ ወደ ፀሐይ አየኋት፤ መድኃኒቱ አይንቀሳቀስም። ዘቅዝቄ አየሁ፤ አሁንም አይንቀሳቀስም። አካባቢዬን ቃኘሁና ብብቴ ውስጥ ከተትኳት።

እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ አንድ ክንዴን ገጥሜ ቁርስ በላሁ፣ አንድ ክንዴን ገጥሜ ተሰናበትኩ። አቶ ማሙሸት ለመንገድ በሶ ቋጠረልን፤ ጭነት መኪና አስቁሞም ጋቢና ውስጥ አስገባን። "ምነው ክንድዎ?" አለኝ ሊጨብጠኝ ሲል። "ክትባቱ ነው" አልኩት። ውሸት አልነበረም።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ሲስተር ብርቱካን ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ጤና ጣቢያውን አስከፍታ አስገባችን። ጠርሙሷን ሰጠኋት።

"ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ ነገር ለምን ሞቀ?"

አስካለ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች።

"ብርድ እንዳይበዛበት ብዬ ነው።"

"ብርድ በዝቶበት ነበር?"

"ትንሽ ውርጭ ብጤ።"

ጠርሙሷን በኃይል ነቀነቀች፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻትና ጠበቀች። እኛም ጠበቅን። ቀስ በቀስ እንደ ጠላ አተላ ያለ ነገር ወደ ታች ወረደ፣ ላዩ ጠራ።

"በረዶ ሆኖ ነበር። ይሄ አይሰጥም።"

"ቀልጧል እኮ ብርቱካን።"

"ቢቀልጥም አይመለስም። ውስጡ ቀስቃሽ አለው። ሲወጉ እነዚያን ፈጥነው የሚደርሱትን ሴሎች የሚጠራቸው እሱ ነው። እነሱ ሲነቁ ነው አንቲቦዲ የሚሠሩትንም የሚያነቋቸው። በረዶ ሲነካው ይጓጉላል፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አይጠራም።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ውሃ የሚቀዳው ልጅ አልተቀሰቀሰም፤ ቁራሹ አልመጣም፤ የኔታ ተማሪዎቹ አንቀላፍተውባቸው ብቻቸውን ያነባሉ።

ቢሆንም ልቤ ሰኞ ላይ ነበር። "ከሚደፋ ወግተሽኝ ዕድሌን ልሞክረው" አልኳት።

ብርቱካን ነጠላዋን አወለቀች። "ጋሼ፣ እኔ የምፈራው መርፌው ይጎዳዎታል ብዬ አይደለም። ተከትቤያለሁ ብለው ጣፊያዎን ያስወጣሉ። ከዚያ ትኩሳቱ ሲመጣ በር የሚጠብቅልኝ አለ ብለው ይተኛሉ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።"

"ማኅበሩስ?" አልኩ። ድምፄ ለራሴም የልጅ ድምፅ መሰለኝ።

አስካለ ከኮርኒሱ ወረደች። "ያ የጠነሰስኩት ጠላ ለጽዋህ ይሁን ወይስ ለተዝካርህ? አሁኑኑ ምረጥ፤ ለእህቴ ስልክ ልደውልላት ነው።"

ሰኞ፣ በማርያም ዕለት፣ ከሌላ ዶሮ ጎን ተቀምጬ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የሄድኩት። ብርቱካን አስቀድማ ስለደወለች ክትባቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ዶክተሯ በሩ ላይ አግኝታ ባዶ እጄን አየች።

"አይስ ቦክሱስ አባባ?"

"መድኃኒቱን ወደ ጣፊያው ከምወስድ ጣፊያውን ወደ መድኃኒቱ ማምጣት ቀለለኝ።"

ወጉኝ። ክንዴን ጫን ብላ የያዘችው አስካለ ናት፤ ከሚገባው በላይ ጫነችው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቤታችን ስንደርስ ግቢው ተጠርጎ፣ ጋኑ ታጥቦ ተደፍቶ አገኘነው። ማኅበሩ ተጠጥቷል። የአስካለ እህት ለአንድ ጎረቤት ብቻ ነበር የነገረችው። ከዚያ ማን ጠላውን እንዳጣራ፣ ማን ዳቦውን እንደደፋ፣ ቄሱን ማን እንደጠራ ማወቅ አልተቻለም፤ የጠየቅነው ሁሉ ሌላውን ይጠቁማል። አንድ ዋንጫ ጠላና አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ በሰፌድ ተከድኖ፣ በእኔ ቦታ ተቀምጧል። ጠላው በአንድ ቀን ትንሽ ሆምጥጧል። እስከ አተላው ጠጣሁት።

በሚቀጥለው ወር ማኅበር ላይ ሙሴያችን ተነሣ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን ኃላፊ ነው። "ወርቁ በገዛ ጽዋው አልተገኘም፤ ይህ ያስቀጣል" አለ። "ነገር ግን ሕመምተኛ ስለሆነ ሻማ አናስመጣውም። ከጽዋ የሚበልጥበት ያ ጣፊያ ምን እንደሚሠራ ጽፎ ያንብብልን።" ተጨበጨበ። አስካለ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

ጣፊያዬ የወጣው በዚያው በየካቲት ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ ዶክተሯን አመሰግናለሁ ልላት አስቤ የጠየቅኋት ተማሪዎቹ ቀድመው መውጣታቸውን ነው። "እንደምናስበው ወጥተዋል" አለች። ሐኪም እንደምናስበው ሲል ደስ አይልም፤ ግን አልዋሸችኝም። ትኩሳት ከነካኝ ማርያምም ትሁን ሚካኤል ሳልል ወዲያው ብርቱካን ዘንድ እንድሄድ አስጠንቅቃኛለች። መጋቢት ላይ ሳል ቤቱን ሁሉ አንኳኳ፤ አስካለን ጣላት፣ እኔን ዘለለኝ። መቅኒዬ ውስጥ ያሉት ይሁኑ ወይም ሳሉ ሽማግሌ ንቆ እንደሆነ አላውቅም። ማታ ማታ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ግን ተማሪዎቹ ድምፅ እያሰሙ ትምህርታቸውን የሚቀጽሉ ይመስለኛል።

ለፋሲካ በግ አረድን። አስካለ ሆድ ዕቃውን ለየችና ጣፊያውን እንደ ወትሮው አንሥታ ወደ ድመቷ ወረወረችው። እኔ ከመደቡ ተነሥቼ ቆቤን አወለቅኩ።

"ምን ሆንክ?" አለች።

"ምንም። የኔታ እያለፉ ነው።"

ድመቷ እስክትጨርስ ቆምኩ። አስካለ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ቢላዋዋን አስቀምጣ አብራኝ ቆመች።